ለድረ ገጽ ምስል የትኛው የፋይል ዓይነት ይስማማል?

የፋይሉን ዓይነት ከመምረጥዎ በፊት ምስሉን ራሱን ልብ ብለው ይዩት። በካሜራ የተነሣ ነው ወይስ በኮምፒውተር የተሠራ? ምርጫው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ልኩን ያስተካክሉ። ምስሉ በገጹ ላይ የሚይዘው ወርድ 800 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ከሆነ፣ 4000 ፒክስል ወርድ ያለውን ፎቶግራፍ እንዳለ መጫን አንባቢው 25 እጥፍ ፒክስል እንዲያወርድ ማስገደድ ነው። ጥራት ላላቸው የስልክ ስክሪኖች ወርዱን 1600 ፒክስል ቢያደርጉት ይበቃል። ይህ ሳይስተካከል የትኛውም የፋይል ዓይነት አያድንም።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ይምረጡ።

ለፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚታወቀው ጄፔግ (JPEG) ዛሬም አስተማማኝ ነው። ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ዝርዝር እየጣለ ፋይሉን ያቀልላል። ሲያስቀምጡት የጥራቱን ልክ ከ100 ውስጥ ከ75 እስከ 85 ባለው መካከል ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። አደራ የምለው ግን ዋናውን ፋይል ለብቻው እንዲያኖሩ ነው። ጄፔግ እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ይጎዳል፤ ሌላ የፋይል ዓይነት ወደ ሆነው ፒኤንጂ (PNG) መለወጡም መጠኑን ያገዝፋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ጽሑፍ ለሚታይበት የስክሪን ቅጂ ወይም ዳራ ለሌለው ምስል ፒኤንጂ ይምረጡ፤ ምንም ሳይጥል ስለሚያጭቅ የፊደላቱ ጠርዝ አይደበዝዝም። ዓርማና ምልክት ደግሞ በኤስቪጂ (SVG) ይሁን፤ ቅርጹ በሒሳብ ስለሚገለጽ የቱንም ያህል ቢያጎሉት ጥርት እንዳለ ይቆያል። ኤስቪጂ ውስጡ ኮድ ሊይዝ ስለሚችል ምንጩን ከማያውቁት አይቀበሉ። ለተንቀሳቃሽ ምስል የሚታወቀው ጂአይኤፍ (GIF) በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይችልም፤ ለእንቅስቃሴ አጭር ቪዲዮ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አዳዲሶቹን ይጨምሩ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ (WebP) አብዛኛውን ጊዜ ከጄፔግ ያነሰ ፋይል ይሰጣል፤ ዳራ የሌለውን ምስልም ይይዛል። ኤቪአይኤፍ (AVIF) ከእርሱም ሊያንስ ይችላል፤ ሆኖም ማዘጋጀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ የቆዩ ብራውዘሮችም አይከፍቱትም። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ በኤችቲኤምኤል (HTML)፣ በ«ፒክቸር» (picture) መለያ ውስጥ ኤቪአይኤፍን፣ ቀጥሎ ዌብፒን፣ በመጨረሻ ጄፔግን ቢደረድሩ ብራውዘሩ መክፈት የሚችለውን የመጀመሪያውን ይወስዳል።

ደረጃ 4፦ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን በሙሉ መጠን ከፍተው ያነጻጽሩ። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በፀጉር፣ በሰማይ ቀለም ሽግግርና በፊደል ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ካልታየ ጥራቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው ደግመው ይሞክሩ።