ልጃችሁ እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ሲገባ ክፍል ውስጥ ምን ይማራል?

እንግሊዝ አገር አዲስ ከገቡ ወላጆች አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል። «ልጄ ሲጫወት ይውላል። ደብተር የለው፣ ይሄ ነው የሚባል የቤት ሥራ የለው። ምኑን ተማረ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ማወቅ ደግሞ ልጁን ቤት ውስጥ ለማገዝ በጣም ይጠቅማል። እዚህ የምጽፈው በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

መጀመሪያ የክፍል አመዳደቡን እንይ። እዚህ አገር ልጅ ክፍል የሚገባው በዕድሜው ነው። 4 ዓመት የሞላው ልጅ በቀጣዩ ሴፕቴምበር ሪሴፕሽን የሚባለውን የመጀመሪያ ክፍል ይጀምራል። ከዚያ ኢየር ዋን፣ ቀጥሎ ኢየር ቱ ይገባል። አገር ቤት አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው የሚጀመረው። እዚህ ግን ሴፕቴምበር ላይ 7 ዓመት የሞላው ልጅ ኢየር ስሪ ነው የሚገባው፤ የክፍል ጓደኞቹ ሦስት ዓመት ተምረዋል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ወደኋላ የቀረ ቢመስላችሁ ከልጁ ችሎታ ጋር አታያይዙት። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ዝቅ ያለ ክፍል አይመደብም። ክፍል መድገምም ብዙ አልተለመደም።

ሪሴፕሽን ውስጥ አሸዋ፣ ውኃ፣ ቀለም፣ ብሎኬት፣ የጨዋታ ወጥ ቤት ታያላችሁ። ሁሉም ታስቦበት የተቀመጠ ነው። በዚህ ዕድሜ ትልቁ ትኩረት የሚሰጠው መናገርና ማዳመጥ፣ ከሌሎች ጋር መግባባት፣ እንዲሁም ሰውነትንና እጅን ማዘዝ መቻል ነው። ልጁ ሊጥ የመሰለውን መጫወቻ ሲያሽ ለእርሳስ የሚያስፈልገው የጣት ጡንቻ ይጠነክራል። ተራ ጠብቆ ሲጫወት ደግሞ መስማማትንም ቋንቋንም ይለምዳል። አስተማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ትመዘግባለች። ከጨዋታው በተጨማሪ በየቀኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሚማሩት አጭር ትምህርት አለ። ከዚህ ውስጥ ዋነኛው ፎኒክስ፣ ማለትም በፊደሎች ድምፅ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ዘዴ ነው።

ፎኒክስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወላጅና ትምህርት ቤት ሳያውቁት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱት እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የጀመርነው የፊደሎቹን ስም በመሸምደድ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልን። እዚህ ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩት ፊደሉ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ይኑረው እንጂ ድምፆቹ ወደ 44 ይጠጋሉ። አንዳንዱን ድምፅ ለመጻፍ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ሺፕ» (ship) የሚለው ቃል በአራት ፊደል ይጻፋል፣ ድምፁ ግን ሦስት ነው፤ ሽ፣ ኢ፣ ፕ። ልጁ እነዚህን ለየብቻ አውጥቶ ከዚያ ያገጣጥማቸዋል። ለመጻፍ ሲፈልግ ደግሞ ቃሉን በጆሮው ወደ ድምፆቹ ይነጣጥለዋል። የአንድ ዓመት ሙሉ ድካም የሚያርፈው እነዚህ ሁለት ችሎታዎች ላይ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ አለን። ድምፆቹን በሳድስ ጥሯቸው። «ሰ» ሳይሆን «ስ»፣ «መ» ሳይሆን «ም»፣ «ተ» ሳይሆን «ት» በሉ። አስተማሪዎቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። «ሰ፣ አ፣ ተ» ያለ ልጅ «ሳት» (sat) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ለመድረስ ይቸገራል። «ስ፣ አ፣ ት» ያለው ግን ቶሎ ይገጥምለታል። የፊደሎቹን ስም በራሱ ጊዜ ይማረዋል፣ አታጣድፉት። ሕጉን የማይከተሉ ቃላትም አሉ። እነዚህን ትምህርት ቤቱ ለብቻ እየለየ ያስጠናል፤ ዝርዝሩን ጠይቃችሁ ፍሪጅ ላይ ብትለጥፉት ጥሩ ነው።

ኢየር ዋን መጨረሻ፣ ጁን ላይ፣ ልጁ ከአስተማሪው ጋር ለብቻው ተቀምጦ 40 ቃላት ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ተብለው የተፈጠሩ ቃላት ናቸው። አጠገባቸው የእንግዳ ፍጡር ሥዕል አለ። ይህን ቤት ስትለማመዱ ካያችሁ ስህተት እንዳይመስላችሁ። የሚፈለገው ልጁ ቃሉን ሸምድዶት ሳይሆን ድምፆቹን አገጣጥሞ እንደሚያነብ ማየት ነው። እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ላለ ልጅ ይህ የፈተናው ክፍል እንዲያውም ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ትርጉማቸውን ማንም ልጅ አያውቅማ። የሚጠበቀው ደረጃ ላይ ያልደረሰ ልጅ ኢየር ቱ ላይ እንደገና ይሞክራል፣ በመሃል ተጨማሪ እገዛ ይሰጠዋል።

ሌላው ወላጆችን ግራ የሚያጋባው ልጁ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የሚመጣው ጽሑፍ የሌለበት የሥዕል መጽሐፍ ነው። እሱም ታስቦበት ነው። ልጁ ሥዕሉን እያየ ታሪኩን እንዲናገር፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን እንዲገምት፣ «ለምን አለቀሰች?» ተብሎ እንዲመልስ ነው። ይህን ሁሉ በአማርኛ አድርጉት። አደራ የምለው ነገር ቢኖር ይህ ነው። «እንግሊዝኛው እንዲገባው» ብላችሁ ቤት ውስጥ አማርኛውን አታቁሙ። በአማርኛ ማሰብ፣ ማነጻጸርና መተረክ የቻለ ልጅ ችሎታውን ይዞ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ ያደገ ልጅ ግን ሁለቱም ሊጎድሉበት ይችላሉ።

መጀመሪያ ላይ ልጃችሁ ክፍል ውስጥ ጭራሽ ላይናገር ይችላል። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገቡ ብዙ ልጆች ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ይላሉ። በዚያ ጊዜ ግን እየሰሙ፣ እያጠራቀሙ ናቸው። «ዛሬ ተናገርክ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። ቤት ውስጥም በአማርኛ እንደ በፊቱ የማያወራ ከሆነ ያን ጊዜ አስተማሪውን አናግሩ።

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሪሴፕሽን ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት በአብዛኛው እስከ 10 ባሉ ቁጥሮች ነው። 7 ማለት 5 እና 2፣ ወይም 4 እና 3 መሆኑን በእጅ በሚነካ ነገር፣ በሥዕል፣ ከዚያ በቁጥር ያዩታል። ኢየር ዋን ላይ እስከ 100 ይቆጥራሉ፣ እስከ 20 ያሉ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ያጠናሉ። ኢየር ቱ ላይ የ2፣ የ5 እና የ10 ማባዣ ይመጣል። ቁጥር ደርድሮ «ብድር» ወስዶ መቀነስ ግን ቆየት ብሎ ነው። ቀድማችሁ ካስተማራችሁት ልጁ መልሱን ያገኛል፣ የቁጥሩን ምንነት ግን ይዘለዋል። ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበትን ዘዴ ጠይቃችሁ በዚያው ብታስጠኑት ይሻላል።

ከዚህ ውጪ በሳይንስ ዕፅዋትን፣ እንስሳትን፣ ቁሳቁሶችንና የወቅቶችን መለዋወጥ ያያሉ። በጂኦግራፊ ሰባቱን አህጉራትና አምስቱን ውቅያኖሶች ይማራሉ። በታሪክ ብዙ ትምህርት ቤቶች የ1666ቱን የለንደን ታላቅ ቃጠሎ፣ እንዲሁም እንደ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና ሜሪ ሲኮል ያሉ የታወቁ ነርሶችን ታሪክ ያስተምራሉ። የሃይማኖት ትምህርትም አለ፤ ስለተለያዩ እምነቶች ነው የሚማሩት። ወላጅ ካልፈለገ ልጁን ከዚህ ትምህርት የማስወጣት መብት አለው።

«ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አስተማሪው መልስ የለውም። ደረጃ አይሰጥም። የሚነገራችሁ ልጁ ለዕድሜው የሚጠበቀው ላይ መድረሱና አለመድረሱ ነው። የወላጅ ስብሰባው ለአንድ ወላጅ 10 ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ለቢሮው ንገሩ። እኔ ብሆን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በፎኒክስ የትኛው ድምፅ ላይ ደርሷል? ቤት ውስጥ በዚህ ሳምንት የትኞቹን ቃላት እንለማመድ? እረፍት ሰዓት ላይ ከማን ጋር ይጫወታል?