የሥልጣኔ ጥናት ማዕከል ስታቋቁሙ «ዓላማ» የሚለው አንቀጽ ላይ አትሳሳቱ

በየዓመቱ ሁለት ሦስት ቡድን ወጣቶች የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ይዘው ይመጡልኛል። ለትርፍ ያልተቋቋመ የሥልጣኔ ጥናትና ምርምር ማዕከል ሊመሠርቱ ነው። ከደመወዛቸው ቆጥበው ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰውተዋል፤ እኔም ስለዚህ እወዳቸዋለሁ። «ዓላማ» የሚለው አንቀጽ ጋ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን አነሳለሁ። ሁሌም ያው ስህተት ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት እኔ ራሴ የሠራሁት። ዘንድሮ አራተኛውን ረቂቅ ካረምኩ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምናገር ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ።

መልሱን ዓላማ ማድረግ

አብዛኛው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «የማዕከሉ ዓላማ የአባቶቻችንን ታላቅና ቀደምት ሥልጣኔ ለዓለም ማሳወቅ ነው።» ሲነበብ ደስ ይላል፤ በመሥራች ጉባኤ ላይም ያስጨበጭባል። ነገር ግን ታላቅነቱና ቀደምትነቱ አስቀድሞ ከተወሰነ የሚመረመረው ምኑ ነው? ሥራው ማሳወቅ ብቻ ከሆነ ተመራማሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ የማስታወቂያ ባለሙያ ይበቃል።

ዓላማ በወረቀት ላይ የሚቀር ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ቦርዱ በጀት ሲያጸድቅ የሚያገላብጠው እርሱን ነው። ሥራ አስኪያጁ የትኛውን ጥናት ላሳትም፣ የትኛውን ላቆየው ብሎ ሲቸገር የሚያየው እርሱን ነው። በመጀመሪያው ማዕከላችን ደንብ ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ወጣት ተመራማሪ ጽሑፍ አመጣልኝ። በአንድ ደብር እጅግ ጥንታዊ ነው ሲባል የኖረ የብራና መጽሐፍ፣ ከፊደሉ አጣጣልና በውስጡ ከተጠራው ንጉሥ ስም ተነሥቶ ሲታይ፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ሊጻፍ እንደማይችል ያሳያል። ሥራው እንከን አልነበረበትም። እኔ ግን «ከዓላማችን ጋር አይሄድም» ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ለቅቆ ሄደ። ማዕከላችን ምርምር ያቆመው ያን ዕለት ነው፤ በሩ የተዘጋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ቢሆንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልስን ከጥያቄ ማስቀደም በሌሎችም ደርሷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ የአክሱም ሥልጣኔ ከደቡብ ዓረቢያ ተሻግረው በመጡ ሰዎች የተተከለ ነው ብሎ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጸሐፊ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ያንኑ ይዞ ተጓዘ። ቆየት ብለው የመጡ አርኪዎሎጂስቶች ሸክላውን፣ መንደሩንና እርሻውን በቅርብ ሲመረምሩ ግን አገር በቀሉ መሠረት ጎልቶ ወጣ። አሁን በእጄ የሚገቡት ረቂቆች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንዳች ነገር የለም ማለት ይፈልጋሉ። እስኪ የሓ ሄዳችሁ ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሥር ቁሙ። ድንጋዩ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋጥሞ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። መገጣጠሚያውን በጣታችሁ ዳስሱት። ይህ አሠራር በየመን ካሉት የሳባ ቤተ መቅደሶች ጋር ዝምድና አለው፤ ፊደሉም እንዲሁ። በዙሪያው ይኖር የነበረው ሕዝብ ደግሞ የራሱ ሸክላ፣ የራሱ እርሻ፣ የራሱ አኗኗር ነበረው። ሁለቱንም አፉን ሞልቶ የማይናገር ማዕከል የሓን አጠናሁ ሊል አይችልም።

መጠየቅ ትውፊትን ያሳንሳል ብላችሁም አትፍሩ። ዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች፣ ምሁራን ለረጅም ጊዜ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ወይም ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ናቸው ሲሉ ቆይተዋል። መነኮሳቱ ግን ከጥንት ጀምሮ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ኖሩ የሚባሉት አባ ገሪማ ራሳቸው ፀሐይ ቆማላቸው በአንድ ቀን ጻፉት ይላሉ። ከብራናው የተወሰደች ቅንጣት በካርቦን ስትመረመር እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀች። ስለ ዘመኑ የመነኮሳቱ ቃል ከምሁራኑ ግምት ይልቅ ለእውነቱ ቀረበ። ይህን ያወቅነው ውጤቱ ወዴት እንደሚያጋድል ሳያውቁ ለመመርመር የደፈሩ ሰዎች፣ ይመርመር ብለውም የፈቀዱ አባቶች ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ «ማሳወቅ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ማጥናት፣ መሰነድና ማሳተም» በሉ። ከዚያ ይህችን ሐረግ ጨምሩበት፦ «የጥናቱ ውጤት ከተለመደው አመለካከት ጋር ቢጋጭም»። በመሥራች ጉባኤው ላይ የሚከራከሯችሁ በዚህች ሐረግ ነው። እስከ መጨረሻው ተከራከሩላት።

«ሥልጣኔ» የሚለውን ቃል ሳይፈቱ መተው

በዕለት ተዕለት አማርኛችን «የሠለጠነ ሰው» ስንል ከተሜውን፣ የተማረውን፣ ዘመናዩን ማለታችን ነው። ገበሬው በዚህ ቃል ውስጥ የለም። ቃሉን ሳትፈቱት ደንባችሁ ውስጥ ካስገባችሁት ይህም ትርጉም አብሮ ሾልኮ ይገባል። ከዚያ የጥናት ዝርዝራችሁ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ብሎ ያልቃል፤ ንጉሥ፣ ጽሕፈትና ትልቅ ሕንፃ ያለበት ቦታ ብቻ ይቆጠራል።

የኮንሶ እርከን የት ይግባ? ዳገቱን በድንጋይ እየካበ አፈሩን ከጎርፍ ያቆየ ሕዝብ ነው፤ ካቡ ሲናድ የሚጠግነው ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ነው። ጢያስ? በሠላሳ ስድስቱ ድንጋዮች በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ከሥራቸው የሰው መቃብር አለ፤ ያቆሟቸው ሰዎች ግን ስማቸውን ጽፈው አልተዉልንም። ድሬዳዋ አቅራቢያ ያለችውን ሐርላን ደግሞ ተመልከቱ። ድንጋዮቹ ግዙፍ ስለሆኑ የአካባቢው ሰው የግዙፎች ከተማ ነበረች ይል ነበር። ሲቆፈር የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ ጨሌ ተገኘ፤ ነጋዴና አንጥረኛ የሚኖርባት ከተማ ሆና ወጣች። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያደግን ብዙዎቻችን ስሟን እንኳ ሳንሰማ ነው ያደግነው።

«በዚህ ደንብ ሥልጣኔ ማለት» ብላችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ቢያንስ ሰው እንዴት እንደ በላ፣ እንዴት እንደ ዳኘ፣ እንዴት እንደ ቀበረና እንዴት እንደ ነገደ ይግባበት።

ሁሉን ለማጥናት መነሣት

አምስት ሰውና አንድ ላፕቶፕ ይዛችሁ «የአፍሪካን ሥልጣኔዎች በሙሉ» አትበሉ። አንድ ወረዳ፣ አንድ ሸለቆ፣ አንድ የእጅ ሙያ ይበቃችኋል።

ምዝገባን ከቁፋሮ ፈቃድ ጋር ማምታታት

የምዝገባ ምስክር ወረቀት አካፋ አያስነሳም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቅን ልብ ያላቸው ልጆች በዚህ ሲከሰሱ አይቻለሁ።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት ገቢ የሌለው ማለት ይመስላቸዋል

አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገቢ ማስገኛ ሥራ እንድትሠሩ ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው የተገኘውን ለአባላት ማከፋፈል ነው። መጽሐፍ ሽጡ፣ ሥልጠና ስጡ፣ የምክር አገልግሎት አስከፍሉ። ይልቅ የሚያጠምዳችሁ፣ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ነው። ዓላማችሁ ላይ ምርምር እንደ ዋና ሥራ በግልጽ ካልሰፈረ፣ የተመራማሪውን ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ ነው ብላችሁ ለኦዲተር ማስረዳት ጭንቅ ነው። ዓላማ የሚለው አንቀጽ እስከ ሒሳብ መዝገቡ ድረስ እንደሚዘልቅ ያየሁት በዚህ ነው።

ወስዶ አለመመለስ

በሰሜን ሸዋ ወደ አንድ ደብር ለብራና ሥራ ሄድን። ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ዕቃ ቤቱን ከፈቱልን። መጽሐፉን ከማኅደሩ ሲያወጡት በሽፋኑ ላይ የጧፍ ጠብታ ደርቆበት ነበር። ከመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች በአንዱ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በደበዘዘ ቀለም የመሬት ውል ተጽፏል፤ ምስክሮቹም በየስማቸው ተዘርዝረዋል። ካሜራዬን ሳነሳ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ከአንተም በፊት መጥተው አንሥተውት ነበር።»

«መቼ ነው መምሬ?»

«የበኩር ልጄ የተወለደ ጊዜ። እርሱ እንኳ አሁን ድቁናውን ጨርሶ ትዳር ይዟል።»

«ቅጂውን ሰጧችሁ?»

«እናመጣለን ብለው ነበር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ብራናውን በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው እንደገና ሰጡኝ። ያችን ደግነት ሳስብ ፊቴ እስከ ዛሬ በሐፍረት ይቀላል፤ እኛም እስከዚያን ጊዜ ድረስ ከሄድንባቸው ሰባት ደብሮች ለአንዱም ቅጂ አልመለስንም ነበር።

በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስለተዘረፉት መጻሕፍት በየመድረኩ እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ተገቢ ነው። ግን በሃርድ ዲስክ ወስዶ የሚጠፋ የአገር ልጅ ለዚያ ደብር ምን ተሻለው? ዓላማችሁ ላይ «መሰብሰብ» የሚል ቃል ካለ ወዲያው ከጎኑ «መመለስ» ይግባ፤ በስንት ወር ውስጥ፣ በምን መልክ እንደሚመለስም ይጻፍ። መብራት ለሌለበት ደብር በሃርድ ዲስክ የተሰጠ ቅጂ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ አትሙና ጠርዛችሁ ስጡ። ባዶ የሚመስለውን ቅጠል ጭምር አንሡ፤ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ታሪክ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በትክክል የተሠራ ምሳሌ ካስፈለጋችሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቶ፣ ቅጂው በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታም እንዲቀመጥ አደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያንን ክምችት ቅጠል በቅጠል እያነበቡ ካታሎጉን ለማዘጋጀት አሥርት ዓመታት ሠዉ። ካታሎግ ባይሠራለት ያንን ሁሉ ፊልም ማን ምን ብሎ ይፈልገው ነበር?

ዘመን አቆጣጠርን አለመጥቀስ

አንድ አረጋዊ «በስድሳ ስድስቱ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ» ብለው ነገሩን። ተማሪው በእንግሊዝኛ ዘገባው ላይ 1966 ብሎ ጻፈው፤ አብዮቱን በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎተተው። ከቁጥሩ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይጻፍ የሚያልፍ ወረቀት ከማዕከሉ አይውጣ።

ሕንፃን ማስቀደም

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የገባው ነባር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ መጽሔቱንም በዚያው ዓመት ማሳተም ጀመረ። እናንተም መጀመሪያ አንድ ነገር አሳትሙ። የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ ሣር የበቀለበትን ማዕከል ከበቂ በላይ አይቻለሁ።

ማዕከሉ ሲዘጋ የት እንደሚገባ አለመጻፍ

ይህን አንቀጽ መጻፍ ማንም አይወድም፤ ሕፃን ሳይወለድ ስለ መቃብሩ እንደ መናገር ይመስላቸዋል። የእኛ ማዕከል ገንዘቡ አልቆ ሲዘጋ፣ የተከራየነው ቤት ባለቤት ክፍሉን ፈለጉት። በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀውን የቃል ታሪክ ካሴት በረንዳ ላይ አወጡት። ወሩ ሐምሌ ነበር። እኔ ከክፍለ ሀገር ተመልሼ ስደርስ ከረጢቱ ሥር ውሃ ቋጥሮ ነበር። ከተናገሩት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም፤ ሁለተኛ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም።

አሁን ረቂቅ ለሚያመጡልኝ ሁሉ ከማንም በፊት ይህን አንቀጽ አስጽፋለሁ፦ ማዕከሉ ቢፈርስ ስብስቡን የሚረከበው ቤተ መዛግብት ወይም ዩኒቨርሲቲ በስም ይጠቀስ፤ ተረካቢውም ደንቡ ከመጽደቁ በፊት በደብዳቤ ይስማማ። ደብዳቤው ሲመጣ አንድ ቅጂ ቤቱን ላከራያችሁ ሰው ስጡ።