የጆን ባስከርቪልን የኅትመት ሥራ ለይቶ ለማወቅ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1760 እ.ኤ.አ. ለበርሚንግሃሙ አታሚ ለጆን ባስከርቪል የላከው ደብዳቤ፣ የዚህን አታሚ ሥራ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ሰው የባስከርቪል ፊደላት መስመራቸው ከመጠን በላይ ቀጭን ስለሆነ የአገሩን አንባቢ ሁሉ ዓይን ያጠፋሉ እያለ ሲከራከር፣ ፍራንክሊን የሌላውን እንግሊዛዊ የማተሚያ ፊደል ሠሪ የዊልያም ካስሎንን የፊደል ናሙና ወስዶ፣ ስሙ ያለበትን የላይኛውን ክፍል ቀድዶ፣ የባስከርቪል ነው ብሎ ሰጠው። ሰውየውም ዕድሜውን ሙሉ ያለ ምንም ሕመም ሲያነባቸው በኖሩት ፊደላት ላይ እንከን እየነቀሰ፣ ዓይኑን እንዳመመው ተናገረ። ፍራንክሊን እንዳያፍር ብሎ እውነቱን ሳይነግረው ቀረ። ስለዚህ ከማናቸውም ምርመራ በፊት የአታሚውን ስም ይሸፍኑ፤ የመጽሐፉንም ዝና ለጊዜው ይርሱት። ከተቻለም የካስሎንንና የባስከርቪልን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይጀምሩ፤ አንዱን ብቻውን ማየት ብዙም አያስተምርም።

የሰውየውን የቀድሞ ሙያዎች ማወቅ ዓይንን ያቀናል። ባስከርቪል በ1707 መግቢያ በዉስተርሸር፣ ዎልቨርሊ በተባለው መንደር ክርስትና የተነሣ ሲሆን፣ በበርሚንግሃም መጀመሪያ የእጅ ጽሕፈት መምህርና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ቀራጭ ነበር። ሙያውን ለደንበኞች ለማስተዋወቅ ልዩ ልዩ የአጻጻፍ ስልቶችን የቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዛሬም በበርሚንግሃም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሀብት ያፈራው ግን በሌላ ሥራ፣ የብረት ዕቃዎችን በሚያብረቀርቅ ቅብ በማስጌጥ ነው። ወደ ኅትመት የገባው በ1750 ገደማ፣ ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ ገንዘቡም ጊዜውም በእጁ ሳለ ነበር። የፊደሎቹን ቅርጽ በብረት ላይ የቀረጸለት ጆን ሃንዲ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መጽሐፉ፣ ማለትም የጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂል ግጥሞች የላቲን እትም፣ በ1757 ወጣ። ከዚህ ሁሉ ለተመልካች የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ፊደሎቹ ብዕር የለመደ እጅ የወለዳቸው ናቸው፤ የወፍራሙና የቀጭኑ መስመር ልዩነት ጎልቶ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ይግቡ። በትልቅ መጠን የታተመ ገጽ ይምረጡ፤ በዲጂታል ምስል የሚያዩ ከሆነም አንድ መስመር ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ያጉሉት። በቅድሚያ ቀጥ ብላ የቆመችውን ትንሿን ጂ (g) ይፈልጉ፤ የታችኛው ቀለበቷ ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ በካስሎን ግን ይዘጋል። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ይሻገሩ። የኪው (Q) ጅራት ከፊደሉ ወገብ አልፎ በሰፊው ይዘረጋል። የኢ (E) የታችኛው ክንድ ከላይኛው ይረዝማል፤ ጄ (J) ከመስመሩ በታች ይወርዳል፤ በደብሊው (W) መካከለኛ ጫፍ ላይ ደግሞ ሰሪፍ የሚባለው ትንሽ የጫፍ ጭረት የለም። ሲ (C) ግን ከላይም ከታችም ሰሪፍ አላት። በዘንባላው ፊደል (ኢታሊክ) ኬ (K)፣ ኤን (N) እና ቲ (T) የእጅ ጽሕፈት መምህሩን ብዕር በግልጽ የሚያስታውስ መወራጨት ይታይባቸዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው እጅ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚህ ይናገራል። በመጨረሻ ትንሿን ኦ (o) አይተው ቀጫጭን ክፍሎቿ የት እንዳረፉ ይመርምሩ። በካስሎን ጋደል ባለ መስመር ላይ ሲያርፉ፣ በባስከርቪል ወደ አናትና ወደ ግርጌ ቀርበው ፊደሉን ቀጥ ብሎ የቆመ ያስመስሉታል።

ነገር ግን በፊደል ቅርጽ ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም። በብሪስቶል የነበረው የፍራይ የፊደል ማፍሰሻ ቤት ገና ባስከርቪል በሕይወት ሳለ ፊደሎቹን የሚመስሉ ፊደላት ማውጣት ጀምሮ ነበር። ከዚያም በላይ የባስከርቪል ብልሃት ያለው ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ ወረቀቱንና ማተሚያውን እንደ አንድ ሥራ በመያዙ ላይ ነው። ፊደል ሲያስቀርጽ የኖረ ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ለቀጭኑ መስመሩ የሚመች ወረቀትና ቀለም ለማግኘት ይህን ያህል የደከመ ግን እምብዛም ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ምልከታ ከፊደሉ ራቅ ብሎ ገጹን በሙሉ ማየት ነው። የርዕስ ገጹ ላይ አበባና የሐረግ ጌጥ የመጠቀም ልማድ በሰፈነበት ዘመን፣ የባስከርቪል የርዕስ ገጽ በአብዛኛው በትልልቅ ፊደላት ብቻ ይቆማል። ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ተራርቀው ይደረደራሉ፤ በመስመሮች መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ኅዳጉም እንዲሁ ሰፊ ነው። ከ1758 ጀምሮ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አታሚ ሆኖ ተሹሞ ስለነበር፣ በ1763 በዚያ ያሳተመው ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ዓይነቱ ምልከታ ከሁሉ የተሻለ ነው። ብዙዎች የሚያመሰግኑት የቨርጂሉን እትም ቢሆንም፣ ለጀማሪ መጽሐፍ ቅዱሱን አስቀድማለሁ፤ በሁለት ዓምድ በተጨናነቀ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ገጹ እንዴት እንደሚተነፍስ ያሳያልና። (በገበያ ግን አልቀናውም፤ ገዢው ከተጠበቀው በታች ነበር።)

መጽሐፉን በአካል የማየት ዕድል ካገኙ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አስፈቅደው አንድ ቅጠል ከብርሃን ፊት ቀና ያድርጉ። በዚያ ዘመን ወረቀት በእጅ ሲሠራ በወንፊቱ ላይ የተደረደሩት ሽቦዎች በወረቀቱ ውስጥ መስመር ይተዉ ነበር። የኬንቱ የወረቀት ሠሪ ጄምስ ዋትማን ግን በተሸመነ የሽቦ ወንፊት መስመር የማይታይበትን ልስልስ ወረቀት አዘጋጀ፤ ባስከርቪልም ለቨርጂሉ እትም ተጠቀመበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ያ መጽሐፍ ከፊሉ በዚህ ወረቀት፣ ከፊሉ ደግሞ በተለመደው ባለ መስመር ወረቀት የታተመ ነው፤ ሌሎቹም መጻሕፍቱ ባብዛኛው በባለ መስመሩ ላይ ናቸው። በመሆኑም መስመር ማግኘትዎ መጽሐፉ የእርሱ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚያ ገጹን ዘንበል አድርገው ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። ባስከርቪል ከታተመ በኋላ ወረቀቱን በሙቀት ይጫነው ስለነበር ገጹ ልስላሴና መጠነኛ አንጸባራቂነት አለው፤ ይህንን ልዩ ጥራት በሥራው ላይ የነቀፉት የዘመኑ ሰዎችም ነበሩ። ቀለሙን ይመልከቱ፦ ከተፈላና በቂ ጊዜ ከቆየ የተልባ ዘይት ጋር ደቃቅ ጥላሸት ተዋሕዶ የተሠራ በመሆኑ፣ ጥቁረቱ ከዘመኑ ተራ ኅትመት ይበልጥ ጠልቆ ይታያል። ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ የፊደሉን ግፊት ይፈልጉ። ሌሎች አታሚዎች ከወረቀቱ በላይ ለስላሳና ወፍራም ጨርቅ ስለሚያነጥፉ፣ ፊደሉ ወደ ወረቀቱ ጠልቆ ቀለሙ በዳር ይፈስ ነበር፤ ባስከርቪል ግን ማተሚያውን በደንብ በተስተካከለ የነሐስ ገጽ አሠርቶ ቀጭን መደረቢያ ብቻ ስለተጠቀመ፣ የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይቀራል። አጉልቶ የሚያሳይ መስተዋት ካለዎት የሰሪፉን ጫፍ በዚህ ዓይን ይመርምሩት።

ፊደሉን ለይተው መጽሐፉን ግን ለእርሱ እንዳይሰጡ ዓመቱን ያገናዝቡ። ባስከርቪል በጥር 1775 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሣራ መሣሪያዎቹን በ1779 ለፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ለቦማርሼ ሸጠቻቸው፤ እርሱም በጀርመን በምትገኘው በኬል ከተማ የቮልቴርን ሥራዎች አተመባቸው። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ በፈረንሳይኛ በወጣ መጽሐፍ ላይ እነዚህኑ ፊደላት ማግኘት ይቻላል፤ ፊደሉ የእርሱ ነው፣ ገጹ ግን አይደለም። ቅርጾቹ የተቀረጹባቸው ብረቶች ከብዙ መዘዋወር በኋላ በ1953 ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በስጦታ ተሰጥተዋል።

በኮምፒውተር ላይ በስሙ የሚጠሩትን ፎንቶች ሲያዩ ይህንኑ ልዩነት ያስቡ። ሞኖታይፕ የተባለው የፊደል ኩባንያ በ1923 ያወጣው ፎንትም ሆነ የፊደል ንድፍ ባለሙያዋ ዙዛና ሊችኮ በ1996 ሠርታ በሣራ የቀድሞ ስም ሚስስ ኢቭስ ያለችው፣ የሚሰጡዎት የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ነው። በእርሱ ዘመን እያንዳንዱ የፊደል መጠን ለብቻው በእጅ ይቀረጽ ነበር፤ ትንሹ መጠን ለትንሽነቱ ታስቦ ይሠራ ነበር ማለት ነው። አንድ የዲጂታል ፎንት ለመምረጥ ከፈለጉ፣ ትንሿ ጂና ትልቁ ኪው ያሉበትን አንቀጽ በርዕስ መጠንም በንባብ መጠንም በለስላሳ ወረቀት ላይ ያትሙ፤ የመስመሩን ርቀት ሰፋ፣ ኅዳጉንም እንዲሁ ያድርጉ። በንባብ መጠኑ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከጠፉ፣ ለትንሽ መጠን ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ቅጂ ይፈልጉ።