«ንዴት ነው ያመጣብኝ»፦ ስለ ደም ግፊት መነሻ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እናቴ ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ወንድሟን በቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጉንፋን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ስትለካት 170 በ100 ሆነ። አረፍ በይ ብላ ደግማ ለካቻት፤ ያው ነው። ቤት ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ምክንያቱን ነገራት፤ «ለቅሶው ነው፣ ሐዘኑ ነው።» እኛም አመንን። ሐዘኑ ሲበርድ ግፊቱም ይወርዳል ብለን ጠበቅን። ስድስት ወር አለፈ፤ አልወረደም።

ያ ስድስት ወር ዛሬም ያንገበግበኛል። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አንድ መነሻ የለውም። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ላይ ሐኪም «ይኸው ምክንያቱ» ብሎ የሚያሳየው ነጠላ ነገር አይገኝም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨው፣ ክብደት፣ መጠጥ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ ተደራርበው ነው የሚያመጡት። እኛ ግን አንዱን እንይዝና ሌላውን እንለቃለን። በቤታችንና በሰፈራችን ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ንዴት ነው ያመጣብኝ»

ስንናደድ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ እውነት ነው። ንዴቱ ሲያልፍ ግን ቁጥሩም ይመለሳል። ለዓመታት የሚቆይ ጭንቀት ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በሌላ በር ነው የሚገባው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጠጣል፣ ሲጋራ ያስጨምራል፣ ከቤት መውጣት ያስጠላል። ንዴትን ብቻ የሚወቅስ ሰው መፍትሔውም «አታናዱኝ» ብቻ ይሆናል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

ብዙዎቻችን ዛሬም «ደም ብዛት» ነው የምንለው። ቃሉ ሰውነት ውስጥ ደም የበዛ ያስመስላል። ስለዚህ ደም ማነስ ያለበት ሰው «እኔን ግፊት አይነካኝም» ብሎ ይዘናጋል። ደሙን ለመቀነስ ዋግምት የሚታገምም አለ። ግፊት ማለት ደም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ያነሰው ሰውም ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። እንዲያውም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ።

«እኔ ጨው አልበላም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቤት የሚሸነፈው እዚህ ነው።

እናቴ ጨው ተወች ስንል ወጥ ላይ የምትጨምረውን ማለታችን ነበር። አንድ ቀን ጓዳ ገብቼ አንድ በአንድ አየሁ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ምጥን ሽሮው ውስጥም አለ። ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ ቋንጣው ውስጥ አለ። የሾርባ ኪዩብ የምንለው ደግሞ ትልቁ ድርሻው ጨው ነው። ከሱቅ የሚገዛው ዳቦ ውስጥም አለ። ቡና ሲፈላ ቆሎውና ፈንዲሻው ላይ ይነሰነሳል። እሷ ያደገችበት አካባቢ ቡናውም ራሱ በጨው ነው የሚጠጣው። ወጡ ላይ አንዲት ቅንጣት ሳትጨምር የቀን ድርሻዋን ጨርሳ ልታድር ትችላለች ማለት ነው።

ድርሻው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። ቀኑን ሙሉ ከምንበላው ከሁሉም ተደምሮ! ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሰውነት ውስጥ ውኃ ያስቀራል። በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱም ይጨምራል። ትርፉን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ዕድሜ ሲገፋ እሱም ይደክማል።

«የፋብሪካ ጨው ነው እንጂ የተፈጥሮው አይጎዳም» የሚሉም አሉ። አሞሌ ይሁን፣ የአፍዴራ ይሁን፣ ሮዝ ቀለም ያለው ውዱ ጨው ይሁን፣ ለግፊት ሁሉም ያው ጨው ነው። ጾም ስለሆነ ምግቡ ቀላል ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ሽሮው ያው ሽሮ ነው።

እኛን የረዳን ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ማዘጋጀት ነው። ጨው የሚገባው ምግቡ ሲበስል ብቻ ነው፤ እሱም በማንኪያ ተለክቶ። ያኔ ስንት እንደበላን እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበዱን፤ ምግቡ ሁሉ አልጫ ሆነብን። ምላስ ግን በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል።

«ቀጭን ነኝ፣ ገና ልጅ ነኝ»

ውፍረት፣ በተለይ ቦርጭ፣ ግፊትን ይጨምራል። ቀጭን መሆን ግን ዋስትና አይሆንም። ጨው የሚያበዛ፣ የሚጠጣ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ቀጭን ሰውም ይያዛል። ጫት ሲቃም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራሉ። ሲጋራም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ የደም ሥሩን ራሱን ይጎዳዋል። በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ተለክተው የደነገጡ ሰዎች አውቃለሁ።

«ከዘሬ ነው፣ ምን አደርጋለሁ»

እናት ወይም አባት ግፊት ካለባቸው የልጅ ዕድልም ይጨምራል። የምንወርሰው ግን ደማቸውን ብቻ አይደለም። የእናታችንን የማጣፈጥ ልማድ፣ የአባታችንን የማምሻ መጠጥም እንወርሳለን። ደሙን መቀየር አይቻልም፤ ልማዱን ይቻላል። ወላጁ ግፊት ያለበት ሰው ቶሎ መለካት ይጀምር እንጂ ተስፋ አይቁረጥ።

«ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ያወርደዋል»

አረቄው ራሱ ግፊት ይጨምራል። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ ውስኪ፣ ሁሉም ሲበዛ ያው ነው። ነጭ ሽንኩርት ምግብ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ የክኒንን ቦታ ግን አይተካም።

ያለ ሐኪም የምንገዛው ማስታገሻ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኛም አናውቅም ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ለዓመታት ዲክሎፌናክ ትወስድ ነበር። ሲያልቅ እኔው ነኝ ከፋርማሲ የምገዛላት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ግፊት ይጨምራሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማሉ። ይህን የነገረን ከስድስት ወር በኋላ ያየን ሐኪም ነው። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

ለአስምና ለመሳሰሉት ሕመሞች የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች፣ ኢስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መከላከያ ክኒኖችም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። በሐኪም የታዘዘውን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ነው። የምትወስዱትን ሁሉ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።

ከጀርባ ያለውን በሽታ አለመፈለግ

ጥቂት ሰዎች ላይ ግፊቱን የሚያመጣ ሌላ በሽታ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የኩላሊት ነው። የእንቅርት ዕጢ ወይም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች መዛባትም ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ከ30 ዓመት በፊት ከጀመረ፣ በድንገት ከተተኮሰ፣ ወይም ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተወስዶም አልወርድ ካለ ሐኪሙን «ሌላ መነሻ ይኖረው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁት።

ማንኮራፋትንም አትናቁት። እያንኮራፋ በመሃል ትንፋሹ ቁርጥ የሚል፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው፣ ሌሊት አየር እያጠረው ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። ይህን ሕመምተኛው ራሱ አያውቅም። የሚያውቀው አብሮት የሚተኛው ነውና እሱ ወይም እሷ ለሐኪም ይንገሩ።

«ወልዳለች፣ አለቀ»

ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚመጣ ግፊት እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ከጎድን በታች ሕመም ከታየ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ከወሊድ በኋላም ባሉት ሳምንታት ሊነሳ ይችላል። ቢወርድም ጉዳዩ አይዘጋም፤ ይህ የገጠማት ሴት ወደፊት ግፊት የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። በየጊዜው ትለካ።

«ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ»

እናቴን ራሷን አላመማትም ነበር። ለጉንፋን ባትሄድ ኖሮ አናውቅም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት አያውቁትም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

አለካኩም ያሳስታል። ደረጃ ወጥታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ሽንታችሁ ይዟችሁ፣ እያወራችሁ አትለኩ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አታጣምሩ፣ ክንዳችሁ ልብ ትይዩ ይሁን፣ ማሰሪያው ከልብስ በላይ አይሁን። ቤት የሚገዛ ማሽን ከእጅ አንጓው የክንዱ ይሻላል። በተለያዩ ቀናት ሐኪም ቤት ተለክቶ ከላይ 140 ወይም ከታች 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መንጋደድ ወይም የእጅ መዛል ካለ ግን ቀን አይቆጠርም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ትለካና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ብዙ ቀን 130 በ80 አካባቢ ነው። ክኒኗን አላቋረጠችም። ለጉልበቷ ሐኪሙ ሌላ ማስታገሻ ሰጥቷታል። ሽሮውን ደግሞ ዘንድሮ ራሷ ናት ያለ ጨው ያዘጋጀችው።