ለመመረቂያ ጥናታችሁ ከቦርከና ወንዝ ውሃ የምትቀዱ ልጆች ይቺን አንብቡልኝ

ባለፈው አንድ ተማሪ ከደሴ በሚኒባስ አራት ሃይላንድ ውሃ በፌስታል አንጠልጥሎ ኮምቦልቻ ድረስ መጣ፣ ዶርም ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ ውሃ ነው፣ "ናይትሬትና ፎስፌቱን ለኩልኝ" አለኝ፣ ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገቡትን ማለቱ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ከልቡ ነው የሚሠራው፣ የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው፣ አንጀቴን በላው።

ውሃ እኮ ጠርሙስ ውስጥም ዝም አይልም። ባክቴሪያው አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ አልጌው፣ ያ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ነገር፣ ፎስፌቱን ይመገበዋል። አይስ ቦክስ ያዙ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ አቆዩት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ አስለኩ። የሟሟውን ፎስፌት ከፈለጋችሁ እዚያው ወንዙ ዳር በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣሩት። ጠርሙሱን ደግሞ በዱቄት ሳሙና አትጠቡ፣ ውስጡ ፎስፌት ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሁሉም ሰው በበጋ ነው የሚቀዳው! መንገዱ ደረቅ ነው፣ ወንዙ አያስፈራም፣ የመመረቂያው ጊዜም ደርሷል። ከዚያ ክረምት ላይ አንዴ ይመጡና ቁጥሩ ሲያንስ "ቦርከና በክረምት ይጠራል" ብለው ይጽፋሉ። ኧረ አይጠራም! እስኪ እናስላው፣ ለምሳሌ በበጋ በሰከንድ 500 ሊትር ይፈሳል እንበል፣ ናይትሬቱ 4 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን በቀን 173 ኪሎ ገደማ ነው። ክረምት 20,000 ሊትር ቢፈስና ናይትሬቱ 1 ብቻ ቢሆን በቀን 1,728 ኪሎ፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ ወደ ጨፋ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ አዋሽ የሚወርድ ነው፣ ታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣበት ውሃ ነው።

በዚያ ላይ ፎስፎረስ፣ ፎስፌት ውስጥ ያለው ማለት ነው፣ አብዛኛው ብቻውን አይሄድም፣ አፈር ላይ ተጣብቆ ነው የሚወርደው። ከጦሳ ተዳፋት ቀይ ጎርፍ ሲመጣ ኤን.ፒ.ኤስ ማዳበሪያውም ፍጉም አብሮ ይመጣል፣ እናንተ ያንን ውሃ አጣርታችሁ ደለሉን ደፍታችሁ "ፎስፌት ትንሽ ነው" ትላላችሁ፣ የደፋችሁት እኮ ዋናው ነበር። ጠቅላላ ፎስፎረስ ከሆነ የምትፈልጉት ሳይጣራ ነው የሚለካው። ናይትሬት ግን አፈር አይዘውም፣ ከውሃ ጋር ሰርጎ ቆይቶ በምንጭ በኩል ብቅ ይላል። ስለዚህ የክረምቱ መጀመሪያ ጎርፍ አያምልጣችሁ፣ ያ ጎርፍ የከተማውን የከረመ ቆሻሻ ጠርጎ ነው የሚወርደው። የፍሰት መለኪያ የለንም አትበሉኝ፣ ውሃው ሲረጋጋ ስፋቱንና ጥልቀቱን ለኩ፣ ብርቱካን ጥላችሁ 10 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄደ ያዙ፣ ፍጥነቱን በ0.85 አባዙ፣ ከዚያ በስፋቱና በጥልቀቱ አባዙት፣ ፍሰቱ ያ ነው። ሲሞላ ግን ድልድይ ላይ ሆናችሁ እንጂ ውሃው ውስጥ እንዳትገቡ፣ አደራ።

ይሄኛውን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ናይትሬት ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው፣ ናይትሬት ራሱ ተብሎና በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ተብሎ። ማሽኑ በናይትሮጅን 12 አለኝ፣ እኔ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 ነው ብዬ ምንጩ ደህና ነው ብዬ ለሰፈሩ ሰዎች ነገርኩ። 50ው ግን ለናይትሬት ራሱ ነው፣ 12 ወደዚያ ሲቀየር በ4.43 ተባዝቶ 53 ነው፣ ከወሰኑ በላይ! በዚያ ውሃ የዱቄት ወተት የሚበጠበጥላቸው ሕፃናት ነበሩ፣ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። በማግስቱ ተመልሼ እናቶቹን አንድ በአንድ አናገርኳቸው፣ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ቁጥር ስትጽፉ የየትኛው እንደሆነ ጻፉ።

ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በቀትር ብቻ አትለኩ። አልጌ ያለበት ውሃ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ይጨርሰዋል፣ ዓሣው የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው።

የፍሳሽ ቱቦ ከሚገባበት ወዲያው ሥር አትቅዱ፣ ፍሳሹ ገና አልተቀላቀለም፣ አንዱን ዳር ይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ሐይቁ እንደ ቦርከና አይደለም፣ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩልም ከዙሪያው ማሳም የገባው ፎስፎረስ እዚያው ታች ይተኛል። ዳር ቆማችሁ አንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ አትመለሱ። በጀልባ ገብታችሁ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ቅዱ፣ ጥልቀቱ 80 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ ገመዳችሁን ከደሴ ሳትወጡ ለኩት።