ሠርጉን በግቢ፣ ዲኮሩን በእጅ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚደግሱ

ሠርግ የመጣ እንግዳ የበላውንና የጠጣውን ያነሳል እንጂ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው መጋረጃ ተከራይቶ ይምጣ ወይም እቤት ይሰፋ አይጠይቅም። ስለዚህ ብሩን ወደ ማጀቱ ላኩት፤ ዲኮሩን ሚዜዎችና የሰፈር ልጆች ተባብረው ይሠሩታል። ቀድመው ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ይበቃል።

መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቅሬ (እድር) ጠይቁ። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ያለው ቅሬ ለአባሉ ከገበያው ባነሰ ዋጋ ያውሳል ወይም ያከራያል። በዋዜማው ሰፈር ውስጥ ሐዘን ከገባ ግን ዕቃው ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። ለዚያ ቀን የሚሆን ሸራና አጣና ከማን እንደሚመጣ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ዳሱን ራሳችሁ የምትተክሉ ከሆነ 6 በ10 ሜትር ቦታ፣ ወንበር በረድፍ ተደርድሮ መተላለፊያ ሲተውለት፣ 70 ሰው ያህል ይይዛል። የመሀሉ የቋሚ ረድፍ ከመሬት በላይ 3.5 ሜትር፣ የሁለቱ ጎን 2.3 ሜትር ይሁን። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አጣናውን ስትቆርጡ ይህን ጨምሩበት። በየ2.5 ሜትሩ አንድ ቋሚ ቢተከል በአንድ ረድፍ 5፣ በጠቅላላው 15 ቋሚ ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሸራው ላይ ነው፤ ዳሱ 6 ሜትር ነው ብለው 6 ሜትር ሸራ ይገዛሉ። ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ሸራው የሚሸፍነው ወደ 6.5 ሜትር ነው፤ 7 በ11 ሜትር ውሰዱ። ተዳፋቱን ለመቀነስም አትሞክሩ። በጥር ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ግን የበልግ ዝናብ አለ፤ ሸራው ውሃ ካቆረ ክብደቱ ቋሚውን ይጥላል። ጉድጓዱን በአፈር ብቻ አትሙሉት፤ ድንጋይ እየጨመራችሁ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ጠቅጥቁት።

የሙሽሮቹ መጋረጃ 3 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ቢኖረው ለፎቶ ይበቃል። ጨርቁ ተሸብሽቦ እንዲወርድ የስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም 6 ሜትር ያስፈልጋል። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ጨርቅ ግዙና እያንዳንዱ 2.7 ሜትር ቁመት ያለው 4 ቁራጭ አውጡ፤ 11 ሜትር ጨርቅ በቂ ነው። አራቱን ጎን ለጎን ሰፍታችሁ ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር እጠፉና ቀጭን አጣና የሚያስገባ መክተቻ አድርጉለት። ጨርቁ ፖፕሊን ይሁን። ሳቲን ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት ግን ነጭ ነጭ እያለ የሙሽሪትን ፊት ያደበዝዛል። ከመሰቀሉ በፊት ይተኮስ፤ የእጥፋት መስመር በዓይን ባይታይም በፎቶ ይወጣል። ከላይ ሁለት ነጠላ ጥለቱ ወደ ፊት እንዲታይ አድርጋችሁ በግማሽ ክብ ብትሰቅሉበት ሌላ ጌጥ አይፈልግም፤ ከተከራየ የፕላስቲክ አበባ ይልቅ የእናት ነጠላ ያምርበታል። መጋረጃውን የሚሸከሙትን ሁለት ቋሚዎች በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ ድንጋይና አሸዋ ሙሉበት። ባዶ ባልዲ ነፋስ ሲመጣ ከነመጋረጃው ሙሽሮቹ ላይ ይወድቃል።

የወረቀት አበባ ለመሥራት 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ 8 ስስ ወረቀት ደርቡና ከአጭሩ ጎን ጀምራችሁ በ3 ሳንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ አንድ ዘንግ አድርጉት። መሀሉን በቀጭን ሽቦ እሰሩ፣ ሁለቱን ጫፍ በመቀስ ክብ አድርጉ፣ ከዚያ ከላይኛው ወረቀት ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ መሀል ሳቡ። ከታች የጀመረ ይቀደድበታል። እውነተኛ አበባ የምትፈልጉ በማለዳ ቆርጣችሁ የግንዱን ጫፍ በሰያፍ ከርክማችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይጠወልጋል፤ እዚያ የሚደግስ ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀድሞ አያውጣው። ቄጠማም እንዲሁ፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ግን አትጎዝጉዙት፣ ሽማግሌ ያንሸራትታል።

ለመኪናው ፊኛ የምታስሩ ኮምቦልቻ ላይ እስኪወጠር አትንፉት። ደሴ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፤ ተወጥሮ የተነሳ ፊኛ ሽቅብ ሲወጣ ይበልጥ ተነፍቶ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

መብራቱን ከምጣድ ጋር አንድ መስመር ላይ አትሰኩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር የሚችል መስመር ሊሞላ ይችላል፤ ስፒከር ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወርዳል። ኤክስቴንሽኑ ተጠቅልሎ እንዳለ አይሥራ፣ ይግላል። ደሴ በጥር ሌሊት ስለሚበርድ ከሰል ወደ ተዘጋ ድንኳን ወይም መኝታ ክፍል ማስገባት ይለመዳል፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ጋቢ አድሉ።

ወሎ ላይ የሚደግስ ሙስሊምና ክርስቲያን እንግዳ አብሮ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ሥጋው፣ አራጁ፣ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱና ጭልፋው ሁሉ ይለያያል። የአንዱን ዕቃ እጀታ በአረንጓዴ፣ የሌላውን በቀይ ሪባን እሰሩና አስተናጋጆቹንም በዚያው ሪባን ለዩአቸው፤ ጥድፊያው ሲመጣ ጭልፋ የሚቀያየረው ምልክት ስለሌለ ነው።

ጠላ ለማይጠጣው ቀሪቦ ጥመቁ። ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይፈጭና በውሃ ይፈላል፤ በጨርቅ ተጠልሎ ለብ ሲል ስኳርና እርሾ ይገባበታል። ትኩስ ላይ የገባ እርሾ ይሞታል። ለ20 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይበቃል። በዋዜማው ማታ ተጠምቆ በማግስቱ ይጠጣል፤ ሁለት ቀን ካደረ ይኮመጥጣል፣ ወደ መጠጥም ያዘነብላል፣ ያኔ ለሙስሊም እንግዳ አይቀርብም። ኮምቦልቻ ላይ ከደሴ ቶሎ ስለሚደርስ ከማለዳ ጀምሮ ቅመሱት። ጀሪካኑን ጥብቅ አድርጋችሁ አትክደኑ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።