ለአራስ ልጅ ዳይፐር ወይስ ጨርቅ?

ጎንደር ላይ መውለጃችሁ የደረሰ እናቶች፣ ዳይፐር ወይስ ጨርቅ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የቤታችሁን ውሃ እዩ። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ክረምት ላይ ከወለዳችሁ፣ በጨርቅ ብቻ መዝለቅ ይከብዳል። ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡ ደግሞ የልጁን ቆዳ ያቆስላል። በበጋ ግን ጨርቅ አንደኛ ነው፣ ፀሐዩ ወዲያው ያደርቀዋል። እኔ የምመክረው ቀን ቀን ጨርቅ፣ ለሌሊትና ለመንገድ ዳይፐር ነው። ትንሹን ቁጥር ዳይፐር ግን ገዝታችሁ አታከማቹ፤ ሕፃን ሳታስቡት ያድጋል። ጨርቁ የጥጥ ይሁን። ስታጥቡት ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ሽንት የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሰዋል። እና እባካችሁ፣ የትኛውንም ብትመርጡ እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ከእምብርት በታች አጥፋችሁ እሰሩለት።